ስለ ማርና ስለ ጧፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሽማግሌ ሰው ስለ ዘፈን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ ያየህ እንደ ሆነ፥ «ይኽ ሰው ወይ ሊገሥጸኝ ነው፥ ወይ አርጅቶ ልቡ ዞሯል» ብለህ ትጠረጥር ይሆናል። መጠርጠርህም አያስወቅስህም። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ልገሥጽህ ሳይሆን የራሴን አንድ ጥፋት ልነግርህ ነው። ጥፋቱን የሠራሁት በአንድ ዘፈን ርእስ ላይ ነው፤ ርእሱም ሦስት ቃል ብቻ ነው።

አስቀድሜ ማን እንደ ሆንሁ ልናገር። የካራቆሬ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለችው ካራቆሬ አይደለችም፤ በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፈህ ከሚሴ ሳትደርስ የምታገኛት የይፋቷ ካራቆሬ ናት። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ምድር ተንቀጥቅጣ ጎረቤታችንን ማጀቴን ባፈረሰች ጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበርሁ፤ እናቴ አዝላኝ ሜዳ ላይ እንዳደረች ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች። ዕድሜዬ ለትምህርት ሲደርስ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላክሁ። በዚያም ሒሳብና እንግሊዝኛ፥ ንጽሕናና ሰዓት ማክበር ተማርሁ፤ ለዚህም እስከ ዛሬ ባለ ዕዳ ነኝ። ከዚሁም ጋራ ዘፋኝነት በገላትያ መልእክት ከሥጋ ሥራዎች ጋራ ተቈጥሮ እንደሚገኝ ተማርሁ። ስለዚህ ከሻይ ቤት ሬዲዮ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ሲወጣ መንገዱን ተሻግሬ በወዲያኛው በኩል ዐልፍ ነበር። መሻገሩንስ እሻገር ነበር፤ ግን እግሬ በዚያ ቦታ ለምን እንደሚዘገይ ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

ኋላም የዐማርኛ መምህር ሆንሁ። ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፥ ትረካ ዘፈን አይደለምና ኅሊናዬ ያለ ክርክር ፈቀደልኝ፤ ጆሮዬን ሬዲዮኑ ላይ አስደግፌ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አለቀስሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ያን መጽሐፍ በየዓመቱ አስተምር ነበር። አንድን ነገር በየዓመቱ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ነገሩ የራሱ ርስት ይመስለዋል።

በሚያዝያ ወር 2009 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን፥ ሕዝቡ ቴዲ አፍሮ የሚለው፥ «ኢትዮጵያ» የተባለ አልበሙን አወጣ። በዚያ ግንቦት ካራቆሬ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንሁም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አባዱላ እሱኑ እያሰማ ይቆማል፤ ወደ ከሚሴ የሚሄደው አይሱዙ እሱኑ እያሰማ ይነሣል፤ ማሾና ሽንኩርት የሚጭኑት ልጆች ሳይቀሩ እሱኑ ያንጎራጉራሉ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ማር እስከ ጧፍ» ይባላል፤ የተሠራውም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ ላይ ነው። ይኽን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቈጣሁ። ሌባ ጓሮዬ የገባ መሰለኝ።

በዚያው ወር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የፍቅር እስከ መቃብርን ርእስ ትርጉም አብራሩ» ብዬ ከዐሥር የሚታረም ድርሰት አዘዝኋቸው። ብዙዎቹ የሚጠበቅባቸውን ጻፉ፤ እርስ በርሳቸውም ተገለባበጡ። አንዲት ልጅ ግን፥ ስሟን እዚህ አልጽፍም፥ የመጽሐፉን ርእስ ከዘፈኑ ርእስ አጠገብ አስቀምጣ እንዲህ ያለ ነገር ጻፈች። የመጽሐፉ ርእስ ፍቅር የት ድረስ እንደሚሄድ ይናገራል፤ የዘፈኑ ርእስ ግን ፍቅር ሄዶ ሄዶ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ማሩ አያልቅም፥ ሰም ይሆናል፥ ሰሙም ጧፍ ሆኖ ይበራል፤ ንብ ሰሙን የምትሠራው ማሩን በልታ ነውና።

እኔም በቀይ ቀለም «ውሸት፤ ንብ ሰምን የምትቀስመው ከአበባ ነው» ብዬ ጻፍሁበት። ከሥሩም «ዘፈን ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ብዬ ጨመርሁ፤ ከዐሥር ሦስት ሰጠኋት። ይኽም ሳይበቃኝ ወረቀቱን ለክፍሉ አነበብሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ አላለቀሰችም፤ ወረቀቷን ተቀብላ አራት ላይ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በአዲሱ ዓመት መስከረም ላይ ስም ስጠራ አልነበረችም። ወደ ዐረብ አገር ሄደች አሉ። ከኛ አገር ብዙ ልጆች ይሄዳሉና ማንም አልደነቀውም፤ እኔም ያን ጊዜ አልደነቀኝም።

ወዳጄ፥ እስቲ አሁን ሁለቱን ርእሶች እኔና አንተ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፤ ያኔ ላደርገው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ ላድርገው።

«እስከ» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን እንደ ድንበር ጠባቂ ናት፤ ማንን እንደምታሳልፍ አይታወቅም። «እስከ ዐርብ እሠራለሁ» ያለ ሰው ዐርብንም ይሠራል። «እስከ በር ሸኘሁት» ያለ ሰው ግን ከበሩ አልወጣም። እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቱ ነው? ፍቅር መቃብሩ ደጃፍ ላይ ተሰናብቶ ይመለሳል ወይስ አብሮ ይገባል? ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይኽን ጥያቄ አንድ ቀን አላነሣሁትም። ሐዲስ ዓለማየሁ መልሱን የሰጡት በታሪኩ መጨረሻ ነው፤ ፍቅረኞቹን አንድ መቃብር ሰብስቧቸዋልና የርሳቸው «እስከ» ዐርብንም የምትጨምረዋ ናት ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ መቃብር መቃብር ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

«ማር እስከ ጧፍ» በሚለው ውስጥ ያለችው «እስከ» ግን ሌላ ሥራ ነው የያዘችው። ማርና ጧፍ የመንገድ ሁለት ጫፎች አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ዕድሜዎች ናቸው። የማር እንጀራ ተቈርጦ ይመጣል፤ ማሩ ይጨመቃል፤ ጠጅ የሚጥሉት ሴቶች ሰፈፉን ይለዩታል፤ ሰፈፉ ቀልጦ ይጠራል፤ የጥጥ ፈትል በቀለጠው ሰም ውስጥ ይነከራል፤ ጧፍ ይሆናል። ጧፉም በቤተ ክርስቲያን ይበራል፤ ለሞተ ሰው በሚጸለይበትም ጊዜ ይበራል። በምላስ የጀመረው በዐይን ይፈጸማል። ጣፋጩ ብርሃን ይሆናል ማለት ነው፤ ብርሃኑ ግን አይላስም፥ ያቃጥላል።

ይኽ ምሳሌ በዚህ መጽሐፍ ላይ እንዴት እንደ ተገጠመ ደግሞ ተመልከት። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ከመወለዱ ጀምሮ የጧፉ ወገን ነበረ፤ ኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ማሩን ቀመሰ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ በማሩ ጀምራ እሱ ከሞተ በኋላ መነኰሰች፤ ወደ ጧፉ ሄደች። አንዱ ከጧፍ ወደ ማር፥ አንዷ ከማር ወደ ጧፍ፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው ተላለፉ። እኔ ይኽንን መተላለፍ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፤ ዘፈኑ በሦስት ቃል አስረዳው። ሌባ ያልሁት ሰው ጓሮዬ ገብቶ የወሰደው ነገር የለም፤ ሳላጭደው የቀረሁትን ነው ያጨደው።

ሰምና ወርቅ የምንለውንም ነገር ልብ በል። አንጥረኛ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቅ ይፈስስበታል። ስለዚህ በቅኔያችን ሰም የሚጣል ነው፤ ወርቁ ነው የሚፈለገው። በዚህ ርእስ ግን የሚቀረው ሰሙ ነው፤ የተበላው ሌላው ነው። ሰሙ ራሱ ወርቅ ሆነ። ቅኔ የተማረ ሰው ይኽን ሲያይ ወይ ይሥቃል ወይ ይናደዳል፤ እኔ መናደዱን መረጥሁ።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ የተቃጠለችበትን የመከራ ጊዜ እዚህ አላነሣውም፤ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አጥቷል። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት አንድ የገበያ ቀን የዚያችን ልጅ አባት አገኘሁት። እስላም ነው፥ ንብ ያነባል፤ ከሃያ ቀፎ አራት ብቻ ቀርቶለታል። ማር ልገዛው ቆሜ ሳለ፥ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፥ «ለመሆኑ ንብ ሰሙን ከምን ትሠራዋለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከሆዷ ነዋ፥ መምህር።»

«ከአበባ አይደለም?»

«ከአበባ ሌላውን ነው የምታመጣው። ክረምቱ ጠንቶ መውጣት ሲያቅታቸው ማር በሳሕን አድርጌ አስገባላቸዋለሁ፤ በሳምንቱ ብከፍት ነጭ እንጀራ ሠርተው አገኛለሁ። አበባው የታለ? ከሆዷ ሥር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለች ነጭ ነገር ትወጣለች፤ ከቀፎው ወለል ለቅመው ማየት ይችላሉ።» ቀጥሎም ፈገግ ብሎ «በቁርኣን አንድ ምዕራፍ በንብ ስም ተጠርቷል፤ ሆዷም ተነሥቷል፤ የናንተው መጽሐፍ አይናገርም?» አለኝ።

የኛው መጽሐፍ ስለ ሶምሶን እንቆቅልሽና በአንበሳው ሬሳ ውስጥ ስለ ተገኘው ማር ይናገራል፤ ስለ ሰሙ ግን አይናገርም አልሁት። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ፈተሽሁ፤ የልጅ ልጄንም በስልኩ እንዲፈልግልኝ ጠየቅሁት። እውነት ነው። ወጣቶቹ ሠራተኛ ንቦች ማር በልተው ሰሙን ከሆዳቸው በታች ካሉ ዕጢዎች ያወጡታል፤ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ስድስት ወይም ስምንት ኪሎ ያህል ማር እንደሚፈጅባቸው ይገመታል። ስሕተቴ ግን የከበረ ዘመድ አላት፤ አርስጣጣሊስም ሰም ከአበባ የሚሰበሰብ ይመስለው ነበር። የስዊሱ ሰው ፍራንሷ ሁበር ንቦችን ዘግቶ ማርና ስኳር ብቻ እያበላ ሰም ሲሠሩ ማረጋገጡን ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1814 ነው። ሁበር ዐይነ ስውር ነበር፤ በረዳቶቹ ዐይን እያየ ነው ያን ሁሉ የመረመረው። እኔ ሁለት ዐይን ይዤ የንብ አናቢ ልጅ ያየችውን በቀይ ቀለም ሰረዝሁት።

ከዚህ በኋላ ሰላም አጣሁ። ልጅቱ የሄደችው በኔ ሦስት ማርክ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲህ ብል ራሴን ከመጠን በላይ ትልቅ ማድረግ ይሆንብኛል። የሄደችበት ምክንያት የቤቱ ችግር ነበር፤ አባቷም እንዲሁ ነግሮኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ደግሞ አለኝ፤ «ከዚያ ወዲያ መጻፍ ተወች። ፊት ማታ ማታ ስትጽፍ ኩራዝ ትጨርስብን ነበር።» ሳይወቅሰኝ ነው የተናገረው። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሄድሁ። በስልኩ ላይ ባለው ኢሞ ደወለላት፤ ሥራዋን የምትጨርሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነበርና እስከዚያ ድረስ ቡና እየጠጣን ጠበቅን። መልኳ ብቅ ሲል አላወቅኋትም፤ እሷ ግን ወዲያው «ጋሼ!» አለችኝ። እኔም ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ስለ አርስጣጣሊስና ስለ ሁበር ሁሉ ያለበት። አንዱም አልመጣልኝም። ያልሁት «ያን ድርሰትሽን አበላሽቼብሻለሁ፤ ልክ አንቺ ነበርሽ። ማሪኝ፥ ልጄ» ብቻ ነው።

ዝም አለች። መሥመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሣቋ መጣ። «ይኸው ጋሼ፥ ማሩ ራሱ መጣልዎ» አለችኝ።

አልገባኝም ነበርና ዘርዝራ ነገረችኝ። «ማር» ማለት አንዱ ንብ የሠራችው ነው፤ ሌላው «ማረ» ከሚለው ግስ የሚወጣው ትእዛዝ ነው፤ ይቅር በል ማለት ነው። ስለዚህ «ማር፥ እስከ ጧፍ» ማለት፥ ጧፍ እስከሚበራብህ ቀን ድረስ ይቅር በል ማለትም ይሆናል። ይኽን ያገኘችው እዚያው በሰው ቤት ወጥ ስትሠራ ዘፈኑን በልቧ እያለች ሳለ እንደ ሆነ ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ቅኔ አስተምሬያለሁ የምል ሰው ስልክ ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አሁን አንተ አስተዋይ ከሆንህ እንዲህ ብለህ ትከራከረኛለህ፤ «ቴዲ አፍሮ ይኽን አስቦታል ወይ?» እኔ እንጃ። ሰውየው በቃል የሚጫወት ለመሆኑ ግን ምስክር አለ። የመጀመሪያ አልበሙን በ1993 ዓ.ም. ሲያወጣ «አቡጊዳ» ብሎ በፊደል ስም የጠራ፥ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ያስተሰርያል» በሚል አንድ ቃል ስርየትን ለአገር ሁሉ መነጋገሪያ ያደረገ ሰው ነው። አባቱ ካሣሁን ገርማሞም የዘፈን ግጥም ደራሲ ነበሩ፤ ቃል በዚያ ቤት እንደ እንጀራ የሚጋገር ነገር ነበር ማለት ነው። ይቅርታን የሚወድ ገጣሚ «ማር» ብሎ ሲጽፍ ሁለተኛው ድምፅ በጆሮው አላለፈም ለማለት ያስቸግራል። ቢሆንም አልማልም።

መማል የማልፈልግበት ምክንያትም አለኝ። በኛ አገር ወርቅ ፍለጋ በሽታ ይሆናል። አንድ ዘፋኝ ስለ ዝናብ ቢዘፍን፥ ዝናቡ ማን ነው፥ ዳመናውስ ማንን ሊሰድብ ነው እያልን ሌሊቱን እናድራለን፤ በማግሥቱም ባልተባለ ነገር እንጣላለን። በይፋት እንደኛ ያለ ኦሮሞውም ዐማራውም አርጎባውም ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ይኽ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይተናል። ፍቺን ሁሉ የፈቀድን እንደ ሆነ እኔም ዛሬ ተነሥቼ «ማርክ ከሚለው ቃል ላይ ክን ብታነሣ ማር ይቀራል፤ ስለዚህ መምህር ማርክ ሲሰጥ ይቅርታ መስጠቱ ነው» ብዬ ልሰብክ እችላለሁ። ጨዋታ ነው፤ ጨዋታነቱን ካወቅሁ ግን ጉዳት የለውም።

የልጅቱን ፍቺ ከዚህ የምለይበት ሚዛን አንድ ነው። የርሷ ፍቺ መጽሐፉ ውስጥ ስትመልሰው ይሠራል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያሉትን ሰዎች ያጠፋቸው ምንድን ነው ብለህ ብትጠይቅ፥ ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ክብራቸው ተነካ ብለው ይቅር ማለት አለመቻላቸው አይደለምን? ጉዱ ካሣ ያን ሁሉ ዘመን የጮኸው በምን ላይ ነበር? ከዝናቡና ከዳመናው ፍቺ ጋራ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ያ ከዘፈኑ አውጥቶ ወደ ጠብ ይወስድሃል፥ ይኽ ወደ መጽሐፉ መልሶ ያስገባህና ቀድሞ ያላየኸውን ገጽ ይገልጥልሃል። ገጣሚው አስቦት ቢሆን ምስጋናው የርሱ ነው፤ ባያስበው ደግሞ የቋንቋው ነው። ንብም ማሩን ስትሠራ ጧፍ አላሰበችም።

የሚሲዮን መምህሮቼን አላማቸውም። ዛሬም ዘፈን ሁሉ መልካም ነው አልልም፤ ጠዋት ከአባዱላው የምሰማው ግማሹ ጆሮ ያሳክካል። መንገዱን ተሻግሬ ማለፍ ግን ትቻለሁ።

ያን ሌሊት ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ማርኳን እንዳረምሁላት ነገርኋት። ሦስቱን ሰርዤ ስምንት አድርጌዋለሁ፤ መዝገቡ በእጄ ስለሌለ በልቤ መዝገብ ነው አልኋት። አባቷ ከጎኔ ሣቀ።

«ሁለቱስ፥ ጋሼ?» አለች። «የቀሩት ሁለቱ የት ገቡ?»

«ሁለቱ የፊደል ግድፈት ነው» አልኋት። «ጧፍን ‹ጡዋፍ› ብለሽ ጽፈሻል።»

«ወረቀቱ አሁንም ከኔ ጋራ ነው፤ አይቼ እነግርዎታለሁ» ብላ ዘጋችው። በማግሥቱ የወረቀቱን ፎቶግራፍ ላከችልኝ፤ አራት ላይ የታጠፈበት መሥመር ገና ይታያል። ሦስት ቦታ «ጧፍ» ብላ በትክክል ጽፋለች፤ አንድ ቦታ ብቻ ነው «ጡዋፍ» ያለችው። አንድ ማርክ መለስሁላት።